ዓይን አሥራ ሁለት ያለውን እጅ አምስት ሲለው

አንድ የዲዛይን ተማሪ የሴሚስተር ሥራውን ሲያቀርብ ተገኝቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ናሙናዎች ደርድሯል። እያንዳንዳቸው መዳፍ ያክላሉ። ሁሉም ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል። አንዱ ላይ መስመር፣ አንዱ ላይ ነጥብ፣ አንዱ ላይ የንብ ሰፈፍ የመሰለ ቅርጽ አለ። ለዓይን ያምራሉ። ከተመልካቾቹ አንዷ "ዓይኔን ጨፍኜ ልንካቸው?" አለች። አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። አራተኛው ላይ ስትደርስ "ይሄንን ቅድም ነክቼዋለሁ እኮ" አለች። አልነካችውም። ጨርሳ ስትለያቸው ለእሷ እጅ አሥራ ሁለቱ ናሙናዎች አምስት ዓይነት ብቻ ነበሩ።

ተማሪው ሰነፍ አልነበረም። በኮምፒውተር ስሎ፣ አትሞ፣ አሽቶ፣ ቀብቶ ብዙ ሌሊት አድሮበታል። ግን ሲመርጥም ሲያወዳድርም በዓይኑ ነበር። ዓይንና እጅ ደግሞ አቆጣጠራቸው ለየቅል ነው። ለፕሮጀክታችሁ የሚዳሰስ ገጽ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ኮላ ከማንሳታችሁ በፊት እጅ እንዴት እንደሚቆጥር ማወቅ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ጣት ቆሞ አያነብም

ሞክሩት። ጣታችሁን የለበሳችሁት ልብስ ላይ አሳርፉ። አታንቀሳቅሱት። የሆነ ነገር መኖሩ ይሰማችኋል፤ ምናልባት ሙቀቱም። ጨርቁ ምን ዓይነት እንደሆነ በእጅ ብቻ መናገር ግን ይከብዳል። አሁን ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ጎተት አድርጉት። ጨርቁ ወዲያው ራሱን ይናገራል።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳቪድ ካትስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ሥራው ይህን ልዩነት ቁም ነገር ብሎ ያዘው። እጅ ሸካራነትን የሚያነበው በሁለት መንገድ ነው አለ። ወጣ ገባው ጎላ ያለ ከሆነ ጣት ቢቆምም ቅርጹ ቆዳው ላይ ይታተማል። ረቂቅ ከሆነ ግን አይታተምም። የሚታወቀው ጣት ሲንቀሳቀስ በሚፈጠረው ንዝረት ነው። ከእሱ በኋላ የተሠሩ ሙከራዎች ሐሳቡን ደግፈውታል። የሁለቱ መንገዶች ድንበር 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሁለት የፎቶኮፒ ወረቀት ቢደራረብ ያንን ያህል ይሆናል።

ከቆዳ ሥር ያለው ነገር ይህን ያብራራል። ፀጉር በማያበቅለው የመዳፍና የጣት ቆዳ ውስጥ ንክኪን የሚቀበሉ አራት ዓይነት የነርቭ ጫፎች አሉ። በአንድ እጅ ላይ ብቻ 17,000 ገደማ የንክኪ ነርቮች እንዳሉ ይገመታል። መርክል የሚባሉት ግፊትንና ጠርዝን ይከታተላሉ፤ ጣት ቆሞም ይሠራሉ። ማይስነር የሚባሉት የያዝነው ነገር ሊያመልጠን ሲል ቶሎ ይነቃሉ። ሩፊኒዎቹ የቆዳን መወጠር ያውቃሉ። ፓቺኒ የሚባሉት ደግሞ ንዝረትን ያደምጣሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚነቁት በሰከንድ ከ200 እስከ 300 ጊዜ ለሚርገበገብ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ለንድፍ ይጠቅማል። በ0.5 ሚሊሜትር ልዩነት የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች አሏችሁ እንበል። ጣት በሰከንድ 10 ሴንቲሜትር ቢሄድባቸው በሰከንድ 200 መስመር ያልፋል። ፓቺኒዎቹ በጣም ከሚነቁበት ቦታ ላይ አረፈ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ገጽ ሲነካ "ዝዝዝ" የሚል ሕያው ስሜት ይሰጣል። መስመሮቹን በ5 ሚሊሜትር ብታራርቋቸው በሰከንድ 20 ብቻ ይሆናሉ። ያኔ ስሜቱ ንዝረት መሆኑ ቀርቶ መንኳኳት ይሆናል። ያው መስመር፣ ያው ከፍታ፣ ሌላ ስሜት።

የእጅ ረቂቅነት ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የስቶክሆልም ጥናት ከፍታው 13 ናኖሜትር ብቻ የሆነ ሽብሽብ ያለበትን ገጽ ሰዎች በማሻሸት ከልሙጡ መለየት እንደቻሉ አሳይቷል። ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው።

ታዲያ እጅ ይህን ያህል ከተራቀቀ ያቺ ልጅ ለምን አሥራ ሁለቱን አምስት አለቻቸው? "እዚህ የሆነ ነገር አለ" ማለትና "ይህ ከዚያኛው ይለያል" ማለት የተለያየ ሥራ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው እጅን የሚያህል የለም። በሁለተኛው ግን፣ በተለይ ቀደም ብሎ የነካውን አስታውሶ ማወዳደር ሲኖርበት፣ ልዩነቱ ሰፋ ተደርጎ ካልተሰጠው ይደናገራል።

ጉብታውን ሳይሆን ክፍተቱን ለኩ

ተማሪዎች መስመር ሲስሉ የሚጨነቁት ለመስመሩ ነው። ውፍረቱ ስንት ይሁን፣ ከፍታው ስንት ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሱዛን ሌደርማን ጎድጓዳ መስመር ያላቸውን ገጾች ለሰዎች እያስነካች ሻካራነታቸውን አስገመተቻቸው። በጉልህ የወሰነው በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ስፋት ሆኖ ተገኘ። የመስመሩ የራሱ ውፍረት ድርሻው ትንሽ ነበር። ምክንያቱ ሲያስቡት ግልጽ ነው። የጣት ጫፍ ለስላሳ ነው። ክፍተት ሲያገኝ ይገባበታል። ክፍተቱ ሲሰፋ የበለጠ ይገባል፤ ቆዳው የበለጠ ይዛባል፤ ሻካራነቱ ይጎላል።

ክፍተቱን ዝም ብሎ ማስፋት ግን ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። በነጥቦች ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ነጥቦቹ እየተራራቁ ሲሄዱ ሻካራነቱ ይጨምራል። 3 ሚሊሜትር አካባቢ ጫፍ ይደርስና መልሶ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ እጅ "ሻካራ ገጽ" አይልም። "ልሙጥ ገጽ ላይ የተበተኑ ጉብታዎች" ይላል። ስለዚህ በጣም ሻካራ የሆነ ነገር የፈለገ ሰው ነጥቦቹን ከማተለቅ ይልቅ ርቀታቸውን ቢያስተካክል ይሻለዋል።

ሌላው ስህተት ደረጃዎችን በእኩል እርምጃ መሥራት ነው። 0.5፣ 1፣ 1.5፣ 2፣ 2.5 ሚሊሜትር። በማስመሪያ ሲታይ ሥርዓት ያለው ይመስላል። ለእጅ ግን ከ0.5 ወደ 1 ትልቅ ዝላይ ነው። ከ2 ወደ 2.5 ግን ዝላዩ በጣም ያንሳል። ስሜት የሚለካው በንጽጽር ነው። ይህን ጀርመናዊው ኤርንስት ሃይንሪሽ ቬበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በክብደትና በንክኪ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። በእጅ የያዛችሁት ነገር ቀላል ከሆነ ትንሽ ሲጨመርበት ታውቃላችሁ። ከባድ ከሆነ ያው ጭማሪ ይጠፋባችኋል። ስለዚህ እያባዛችሁ ሂዱ፦ 0.3፣ 0.6፣ 1.2፣ 2.4። እኔ ብጠየቅ ሰው ያለ ዓይን እንዲለያቸው ለታሰቡ ናሙናዎች ከአራት ወይም ከአምስት ደረጃ አላልፍም።

ቬበር ያው እ.ኤ.አ. በ1834 ባሳተመው ሥራ የክብ መሥሪያ ኮምፓስ ሁለት ጫፍ ቆዳ ላይ እያሳረፈ፣ ሰው ሁለት መሆናቸውን የሚያውቀው ስንት ሲራራቁ እንደሆነ ለክቷል። የጣት ጫፍ ላይ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ይበቃል። ጀርባ ላይ 4 ሴንቲሜትር ያህል ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት። የዚያ ተማሪ የንብ ሰፈፍ ቅርጽ እያንዳንዱ ቀዳዳ 1.5 ሚሊሜትር ነበር። ዓይን ስድስት ጎን ያያል። ጣት ግን ጎኖቹን መቁጠር አይችልም። ለጣት ያ ገጽና አጠገቡ ያለው ባለ ነጥብ ገጽ ወንድማማች ናቸው።

ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡት የብሬይል ጽሕፈት ታሪክም እዚሁ ላይ ነው የሚያጠነጥነው። ፈረንሳዊው ሻርል ባርቢዬ አሥራ ሁለት ነጥብ ያለው የሚዳሰስ ጽሕፈት ፈጥሮ ነበር። አንዱ ምልክት በአንድ ጣት ጫፍ ሥር አይጠቃለልም፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች መፈለግ ነበረበት። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው ሉዊ ብሬይል ነጥቦቹን ወደ ስድስት ቀነሳቸው። ዛሬ በአንድ ፊደል ውስጥ ያሉ ነጥቦች በ2.5 ሚሊሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ከፍታቸው ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ጣት መለየት ከሚችለው ድንበር ትንሽ አለፍ ብሎ የቆመ ንድፍ ነው። እኔ ይህን ከታላላቅ የዲዛይን ሥራዎች አንዱ አድርጌ ነው የማየው።

እጅ የሚሠራውን ተመልከቱ

እ.ኤ.አ. በ1987 ሱዛን ሌደርማንና ሮቤርታ ክላትስኪ ሰዎች ነገርን በእጃቸው ለማወቅ ሲሞክሩ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ መዘገቡ። ሰው ሳያስበው የሚፈልገውን መረጃ የሚያመጣለትን እንቅስቃሴ ይመርጣል። አማርኛችን ለእነዚህ ሁሉ የየራሱ ግስ ስላለው ለማስታወስ አይከብድም። ሸካራነትን ለማወቅ እናሻሻለን። ጥንካሬን ለማወቅ እንጫናለን። ሙቀትና ቅዝቃዜን ለማወቅ እጃችንን እናሳርፋለን። ክብደትን ለማወቅ አንስተን በእጃችን እንመዝናለን። አጠቃላይ ቅርጽን ለማወቅ እንጨብጣለን። ዝርዝር ቅርጽን ለማወቅ ጠርዙን ይዘን በጣታችን እንከተላለን።

ይህ ለፕሮጀክታችሁ ምን ይላል? ገጹን ከመምረጣችሁ በፊት ግሱን ምረጡ። የመሣሪያ እጀታ የሚጨበጥ ነገር ነው። ሰው እጀታን አያሻሽም፤ ይይዝና ይጫናል። ስለዚህ በማሻሸት ብቻ የሚታወቅ ረቂቅ ሸካራነት እጀታ ላይ ብትሠሩ ማንም አያገኘውም። እጀታ ላይ የሚሠራው ጎላ ያለው ነው፤ ጣት ሳይንቀሳቀስ ቆዳ ላይ የሚታተመው። የመጽሐፍ ሽፋን ግን ይዳበሳል፤ ረቂቁ እዚያ ይኖራል። የሚሽከረከር ቁልፍ ደግሞ በሁለት ጣት ጫፍ ተይዞ ይጠመዘዛል። ጣት ገጹ ላይ እንዲንሸራተት አይፈለግም፤ መስመሮቹ ከመዞሪያው አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ መሆን አለባቸው።

አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳትሠሩ ሰዎች ያንን ዕቃ ሲይዙ እጃቸውን ብቻ በስልክ ቅረጹ። ፊት አያስፈልግም። የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ቦታ ጭራሽ እንደማይነካ ታያላችሁ። ብዙ ተማሪ የደከመበት ሸካራነት ማንም በማይነካው ጎን ላይ ይቀራል።

የሹራብ ጄሶ

ሸካራነት ቅርጽ ብቻ አይደለም። ይህን በእጅ ለማየት ከሁሉ የምወደው ሙከራ ይኸውና። በወፍራም ክር የተሠራ አሮጌ ሹራብ ቁራጭ ውሰዱ። ጠፍጣፋ የካርቶን ሳጥን ውስጥ ዘርጉት። ቫዝሊን በደንብ ቀቡት። ጄሶ በውኃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት። ሲደርቅ ሹራቡን ቀስ ብላችሁ ላጡት። ጄሶው ላይ የእያንዳንዱ ክር ጥምዝ ቀርቷል፤ አንዳንዴ የክሩ ጭራሮ ሳይቀር።

ጄሶውን ከሩቅ ለሰው አሳዩት። ዓይኑ "ሹራብ፣ ሙቅ፣ ለስላሳ" ይላል። ከዚያ ስጡት። እጁ ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ ዱቄትነት ያለው፣ ሲጫኑት የማይሸነፍ ነገር ያገኛል። ፊቱን ተመልከቱ። ቅርጹ እኮ ያው ነው፤ ወደ ውስጥ ተገልብጦ እንጂ። የተለወጠው ቁሱ ነው። ከዚያ ጄሶው ላይ ሲሊኮን (ፈስሶ ሲረጋ እንደ ጎማ የሚሆን ቁስ) አፍስሳችሁ ሌላ ቅጂ አውጡ። አሁን ቅርጹ እንደ ሹራቡ ወደ ውጭ ወጣ፤ ይሸነፋልም። ግን ያጣብቃል። ሦስቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ግማሽ ፕሮጀክት ነው።

ሦስቱን የለያያቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቅዝቃዜ። ጄሶውና ሹራቡ አንድ ክፍል ውስጥ ስላደሩ ሙቀታቸው እኩል ነው። ልዩነቱ ከእጅ ሙቀት በሚወስዱበት ፍጥነት ላይ ነው። የጣት ቆዳ ብዙ ጊዜ ከክፍሉ አየር ይሞቃል። ሙቀትን ቶሎ የሚያስተላልፍ ነገር ሲነካ ይቀዘቅዛል፤ አንጎል "ቀዝቃዛ" የሚለው ይህንን ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከእንጨት ከሺህ ጊዜ በላይ ያስተላልፋል። የብረት መልክ ያለው ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ዓይንን ካታለለ በኋላ እጅ ላይ የሚጋለጠው ለዚህ ነው። አይቀዘቅዝም፤ ቀላልም ነው።

መጣበቅ። ተማሪዎች "ልስላሴ" ሲፈልጉ እያሹ እያሹ እንደ መስታወት ያደርሱታል። ከዚያ ጣት ሲሄድበት ይያዛል፣ ይንገጫገጫል። የጣት ጫፍ ላብ ያመነጫል፤ ፍጹም ልሙጥ ገጽ ላይ ቆዳው በሰፊው ይለጠፋል። በጥቂቱ የደበዘዘ ገጽ ላይ ግን የሚነካካው ቦታ ያንሳል፤ ጣት በቀላሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ ለእጅ "ለስላሳ" የሚሆነው ብዙ ጊዜ ለዓይን የማያብረቀርቀው ነው። እኔ ናሙና ሳሽ የመጨረሻውን ማብረቅረቂያ ሳላደርግ አንዱን አስቀራለሁ፤ ሰው ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ እሱን ያነሳል።

ድምፅ። ይህ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የፊንላንድ ተመራማሪዎች ሰዎች እጃቸውን እርስ በርስ ሲያሻሹ የሚወጣውን ድምፅ በማይክሮፎን ወስደው በጆሮ ማዳመጫ መልሰው አሰሟቸው። ቀጭኑን የድምፅ ክፍል ሲያጎሉት ሰዎቹ ቆዳቸው እንደ ብራና የደረቀ መሰላቸው። እጃቸው አልተለወጠም። የተለወጠው የሰሙት ነው። ስለዚህ ናሙናዎቻችሁ ምን ዓይነት ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፉ ተጠንቀቁ። ባዶ ሳጥን ላይ የተለጠፈ ሸካራ ገጽ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ከሆነው በላይ ሻካራ ይመስላል። ሁሉንም እኩል ውፍረት ባለው፣ አንድ ዓይነት ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።

ይህ ዓይነት ሙከራ አዲስ አይደለም። በጀርመኑ የባውሃውስ የዲዛይን ትምህርት ቤት ላስሎ ሞሆሊ-ናጊ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተማሪዎቹን የሚዳሰስ ሰሌዳ ያሠራ ነበር። የሽመና ተማሪዋ ኦቲ በርገር እ.ኤ.አ. በ1928 ከልዩ ልዩ ክሮች የሠራችው ሰሌዳ እስከ ዛሬ ይነሳል። ዓላማው ቆንጆ ሰሌዳ ማውጣት አልነበረም። ተማሪው ቁስን በእጁ እንዲያውቅ ነበር።

ማተሚያውና ቀለሙ የሚያመጡት ጣጣ

ዕቃን ንብርብር በንብርብር በሚሠራው የሦስት አቅጣጫ ማተሚያ (3ዲ ፕሪንተር) የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። የተለመደው የአንድ ንብርብር ውፍረት 0.2 ሚሊሜትር ነው። ከላይ ያነሳነው ድንበር ላይ ቁጭ ያለ ቁጥር! ይህ ማለት ማተሚያው ሳታዙት የራሱን ሸካራነት ይጨምርላችኋል። ጣት በንብርብሮቹ ርዝመት ሲሄድ አይሰማውም፤ አቋርጦ ሲሄድ ይኮረኩረዋል። የሳላችሁት 0.3 ሚሊሜትር መስመር በዚህ ጫጫታ ውስጥ ይጠፋል። ወይ ናሙናውን አስተኝታችሁ አትሙ፣ ወይ የንብርብሩን አቅጣጫ ሆን ብላችሁ የንድፉ አካል አድርጉት።

ይህ ወደ አንድ ትልቅ ነገር ይመራል። ልሙጥ ገጽ ላይ ብቻዋን የቆመች ነጥብ ቁመቷ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ቢሆን እንኳ ጣት ያገኛታል። ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው። ሻካራ ገጽ ላይ ግን የአንድ ሚሊሜትር ነጥብም ልትጠፋ ትችላለች። ምልክት እንዲሰማ ከፈለጋችሁ ምልክቱን ከማተለቅ በፊት ዙሪያውን ጸጥ አድርጉ። የኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ኤፍ እና ጄ ፊደላት ያሏቸውን ትንንሽ ጉብታዎች ዳብሷቸው። ኢምንት ናቸው። የሚሠሩት ሌሎቹ ቁልፎች ልሙጥ ስለሆኑ ነው።

ቀለም ደግሞ ሸካራነትን ይበላል። 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላይ ያሉት ቅንጣቶች አማካይ መጠናቸው 60 ማይክሮን ገደማ ነው። አንድ ሽፋን ቀለም ሲደርቅ ራሱ በአሥር ማይክሮኖች የሚቆጠር ውፍረት አለው። ሦስት ጊዜ ስትቀቡት ረቂቁ ሁሉ ተቀበረ። በዚያ ላይ ቀለሙ የራሱን ገጽ ይዞ ይመጣል። የዚያ ተማሪ ሦስት ናሙናዎች አንድ የሆኑት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ወጥ ቀለም ማድረግ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዓይንን ከጨዋታው ያስወጣል። ግን ከመጀመሪያው በራሱ ቀለሙን የያዘ ቁስ ተጠቀሙ።

ገጻችሁ ላይ ያልፈለጋችሁት ጎርበጥ ያለ ቦታ መኖሩን ለማወቅ ከፈለጋችሁ በጣትና በገጹ መካከል ቀጭን ወረቀት አድርጋችሁ ሁለቱን አብራችሁ አንሸራትቱ። የሚገርመው ሰፋ ያለው መወዛወዝ በባዶ እጅ ከሚሰማው የበለጠ ይሰማል። ወረቀቱ በቆዳና በገጹ መካከል ያለውን መፈተግ ያስቀረዋል፤ ቅርጹ ብቻውን ይቀራል።

ለምን እንደሚዳሰስ

ሸካራነት ጌጥ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ነውርም የለበትም። ግን ሥራ ሲሰጠው ይበልጥ ያምራል። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ዓይነ ስውራን በእግራቸው የሚያነቡትን ንጣፍ ፈጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ዛሬ በብዙ አገር ክብ ጉብታ "ተጠንቀቅ" ይላል፤ ረጅም መስመር "በዚህ ቀጥል" ይላል። እዚያው ጃፓን ካኦ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 የሻምፖ ጠርሙስ ጎን ላይ ጥርስ ጥርስ ያለ ምልክት አወጣ፤ ከኮንዲሽነሩ እንዲለይ። ይህ ምልክት ለማየት የተቸገረ ሰውን ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ፀጉሩን ሲታጠብ ዓይኑን የማይጨፍን ማን አለ?

ሁለቱም ላይ የምታዩት አንድ ነገር አለ። ልዩነቱ የመጠን ሳይሆን የዓይነት ነው። "ትንሽ ሻካራ" እና "መካከለኛ ሻካራ" አይደሉም። ነጥብና መስመር፣ ጥርስና ልሙጥ ናቸው። ሰው አስታውሶ ሊሰይመው የሚችለውን ልዩነት ምረጡ።

ፈተናው

አማርኛ "የዳሰሳ ጥናት" ይላል። ለእናንተ ይህ ቃል በቃል ነው። ካርቶን ውሰዱ፤ ሁለት የእጅ ቀዳዳ አውጡለት፤ ከኋላው ክፍት ይሁን፤ በዚያ በኩል ናሙና ታስገባላችሁ። ስምንት ወይም አሥር ሰው በቂ ነው፤ ዋናው አፈታተኑ ነው። እጃቸውን ታጥበው ያድርቁ። ለእያንዳንዱ ሰው ቅደም ተከተሉን ቀያይሩ፤ መጀመሪያ የተነካው ጎልቶ ሊሰማ ይችላልና። በየመሃሉ እጅ ይረፍ። ደጋግሞ ያሻሸ ጣት ይደነዝዛል።

ናሙናዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ "አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከጥንዶቹ መካከል በእርግጥ አንድ የሆኑትን ጨምሩ። ይህን ካላደረጋችሁ ሰው ሁሉ "ይለያያሉ" እያለ ደስ ሊያሰኛችሁ ይችላል። "የቱን ወደዳችሁ?" የሚለውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ከዚያ በፊት ቃል ይስጧችሁ፤ እናንተ አትስጧቸው። ልሙጥ፣ ኮስኳሳ፣ ሙልጭልጭ፣ ጎርባጣ፣ ዝልግልግ። አንድ ቃል ለሁለት ናሙና ከተደጋገመ ሁለቱ ለእጅ አንድ ናቸው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሥራችሁ ዓይነ ስውራንን ይመለከታል ካላችሁ ጓደኛችሁን ዓይኑን ሸፍናችሁ መፈተን አይተካላችሁም። ዓይኑን ለአሥር ደቂቃ የጨፈነ ሰው እጁን ማንበብ አላስለመደም። ብሬይል ለዓመታት ያነበበ ሰው ጋር ሂዱ። ገና ሐሳቡ ሳይደርቅ ሂዱ፤ አልቆ ተቀብቶ ማጽደቂያ ለማግኘት አይሁን።

የመጨረሻው ፈተና ጊዜ ነው። ጥልቅ ሸካራነት ቆሻሻ ይይዛል። ስለታም ጫፍ ይዶለዱማል። ጨርቅ ሲታሽ ትንንሽ የክር እንክብል ያወጣል። ስለዚህ የመረጣችሁትን ናሙና መንታ አድርጋችሁ ሥሩት። አንዱን በወረቀት ጠቅልላችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ሌላውን ቦርሳችሁ ውስጥ ከቁልፍና ከእስክሪብቶ ጋር ጣሉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱን ካርቶኑ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጡና ሰው ጥሩ፤ "አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?" ብላችሁ ጠይቁት።